የበር ጠባቂ

በግሮኒንገን ቦይ፣ ጀልባ የማሳልፍ፣
የውኃ በር ጠባቂ ነኝ፤ እንጀራዬ ቁልፍ።
አንዱን ስጫነው ይከፈታል፣ አንዱን ስጫነው ይዘጋል፤
የቤቴ በር ብቻ፣ አርባ ጊዜ ተቆልፎም፣ ክፍት ያድራል።

ሚስቴ ፍሩክዬ፣ በሌሊት ልብሷ ቆማ፣
ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ይጠፋታል፤
ካንድ ትጀምራለች ደግማ።

ፓስተሩ «ጸልዪ» አሏት፤
ጸለየች፤ ጸሎቱንም መቁጠር ጀመረች።
የድሮው ሐኪም «የእናትሽ ጥፋት ነው» አለ፤
እናቷ ይህን ሰምታ፣ ደጃችንን ሳትረግጥ ሞተች።
እኔም አንድ ማታ «ብትወጂኝ ትተዪው ነበር» አልኋት።
ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ አልደረስኩበት።

ዶክተር ሪንሰ ግን፣ የአንጎሏን ምስል ዘርግቶ፣
«መልእክቱ እዚህ ይዞራል» አለ፣ «‹በቃ› የሚለው አጥቶ።»
ኃጢአት ፈለግሁበት፤ አላየሁም።
ያየሁት ቦይ ነው፤ በሩ የተጣበቀ፤
የማውቀው ሥራ፤ አዲስም አይደለም።

ሁለት ሽቦ ገባ፣ ከስንደዶ የቀጠነ፤
ባትሪው ደረቷ ላይ፣ ከቆዳዋ ሥር ተከደነ።
ሲያበሩት ዝም አለች፤ ቆየችና፣
«ዝናቡ አባራ?» ብላ ጠየቀች፤
ተያየን፤ ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ጥርት ብሎ ነበርና።

ፈጽማ አልዳነችም፤ አንዳንድ ቀን ሰባቴ ትቆልፋለች፣ በደህናው ቀን አንዴ።
እሑድ ባትሪዋን ስትሞላ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ፍቅሬ ያልከፈተውን ኮረንቲ ከፈተው፤
አመሰግነዋለሁ፤ ደግሞም እቀናበታለሁ።

ትናንት አልጋ ላይ፣ «በሩን ቆልፌዋለሁ?» አለችኝ።
«እንጃ» አልኋት። ሳቀች፤ ፊቷን አዙራ ተኛች።
መብራቱን ሳላበራ ተነሥቼ፣
እጀታውን ሁለቴ የሞከርኩት እኔ ነኝ።