ምቱን አታዘግይ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሲሆን ዐሥር ሰዓት፣
ጊታሬን ታቅፌ እወጣለሁ ዳገት።
ቫልፓራይዞ ነው፤ ከወደቡ በላይ፣
ከእሳት አደጋው ጣቢያ አዳራሽ ላይ፣
ያረጁ እግሮች ይሰበሰባሉ፤
ምርኩዞቹ ሁሉ ከጥግ ይቆማሉ።
የቱቦ ጎማ ይሸታል፣ የወገብ ቅባትም አለ፤
ቀዩ መኪና ደጅ ወጥቷል፣ ለኛ ቦታ ስለተባለ።

መሪያችን ያስና ናት፣ የተማረች ወጌሻ፣
ታውቃለች የጉልበትን መነሻ መድረሻ።
«መውደቅ አይደለም» ትላለች፣ «አልጋ ላይ የሚያውለው፤
እወድቃለሁ ማለት ነው ቀድሞ የሚጥለው።»

ኩዌካ ነው ጭፈራው፤ በእጅ ነጭ መሐረብ፣
እንደ አውራ ዶሮ መዞር፣ ሳይነኩ መቅረብ።

ዶን ኩስቶዲዮ አለ፣ ክሬን ነጂ የነበረ፣
ዐርባ ዓመት ሙሉ ዕቃ ከመርከብ ያሻገረ፤
ዛሬ አንዲት ማንኪያ ሾርባ ካፉ አያደርስም፤
እጁ ይርገፈገፋል፤ ዝም ቢሉት ዝም አይልም።
መሐረብ ሲያስይዙት ግን፣ ያው መንቀጥቀጡ
ጨርቁን አርገብግቦ ይሆናል ጌጡ።
ይህን ያስና አልጻፈችም፤ መዝገቧ ላይ ቦታ የለም፤
ለመንገዳገድ ዓምድ አለው፣ ለማማር ግን የለውም።

የዶኛ ኢስሜኒያ ግራ ጎኗ ተኝቷል፣
ደም ከጭንቅላቷ ከፈሰሰ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤
ከወንበሯ አትነሣም፤ ቀኝ እግሯ ወለል ሲመታ፣
ግራው እንደ ጎረቤት ይነቃል በኳኳታ።
አውራ ጣት ብቻ ናት የነቃችው፤ እሷም ለቅጽበት፤
አይቼ አንድ ክር ሳትኩ፤ ማንም አልቆጠረው ስሕተት።

እኔ ግን፣ ልናዘዝ፣ ምቱን አዘገያለሁ፤
እንዳይሰበሩብኝ በልቤ እሰጋለሁ።
እንቁላል እንደተሸከመ በጣቴ ጫፍ ስሄድ፣
ዶኛ ኖልፋ ቆመች፣ መሐል አዳራሽ፣ እንደ ግንድ።
ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ ቁመቷ ልጅ አክሎ፣
ድምፅዋ ግን ደረሰኝ ሰውን ሁሉ ዘሎ፦
«አንተ ልጅ!» (ሰባ አንድ ዓመቴ ነው)፣
«ይሄ የምትመታው የማን ቀብር ነው?
ምቱን አታዘግይብኝ፤ ልክ እንደ ልኩ ምታው፤
አንተ ዜማህን ጠብቅ፣ ጉልበቴን እኔ ላውቀው!»

አፈርኩ።
ክሩን ወጠርኩና ሙሉውን ለቀቅኩት።
እግሮቹ ወለሉን እኩል አልመቱት፤
ግን መቱት።
ኩስቶዲዮ በግራ ዞሮ ግድግዳ ገጠመው፤
እንደ ሴት ቆጥሮ እጅ ነሣና አለፈው።
ኖልፋ በሦስተኛው ዙር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤
«ይኸው ደከመኝ!» አለችኝ፤ ሽልማት እንዳገኘ ሰው ኮራች።

ማታ ምርኩዝ ሲታደል፣ አንዱ ከጥጉ ቀረ፤
ተአምር እንዳትሉብኝ፤ ነገሩ እንዲህ ነበረ፦
ኩስቶዲዮ ረስቶት ነው፤ ከደረጃው አጋማሽ
እየተራገመ ተመለሰ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ትንፋሽ።
ግን እስከ አጋማሹ ድረስ፣ ሠላሳ አራት ደረጃ፣
ማን ደግፎት እንደወረደ
እንጃ፣ እኔ እንጃ።