ነካሁት

ሆሎን በነሐሴ፣ አስፋልቱ ከጫማ ይጣበቃል፤
እኔን ያየ ተሳፋሪ፣ ሹራብ ደርቤ ስገባ ይስቃል።
“ወዴት ነው?” ይለኛል ሾፌሩ። “ወደ በረዶ” እለዋለሁ፤
ካርዴን አስነክቼ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። አለቃዬ ግማሹን ገድፎ
“ቲሪ” ይለኛል፣ ለመጥራት ሰንፎ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ መጥረጊያ ከያዝኩ፤
ከወንበር ሥር ስንቱን ማስቲካ ፋቅኩ፣
ስንቱን አየሁ፣ ስንቱን ዝም አልኩ።

እሷ የመጣችው የሆኪ ልጆች ሲወጡ ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ረጅም፣ ፀጉረ ነጭ፣ አንዱ ጉልበቷ ብረት።
ዶሪን ፓውሉክ ትባላለች፤ አገሯ ማኒቶባ፣
ስንዴው ሳይወቃ በረዶ የሚገባ።
የአገር ሻምፒዮን ነበረች አሉ፣ ሦስት ጊዜ፤
አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ግን መነጽር ነው ሁልጊዜ።

የጠሯት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ጥርስ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣
አንድም ልጅ፣ ነታኔል፣ የአሥራ አራት ዓመት አመለኛ፣
የእኛው ሰፈር ልጅ፤ አማርኛው ከአያቱ የተረፈ፣
እንደ ወረሱት ኮት እጅጌው የረዘመ፣ ቁልፉ የረገፈ።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ እጀታ ያለው ክብ ድንጋይ፣ ሃያ ኪሎ ግድም፣
ተንበርክከው ይለቁታል፤ ከለቀቁት ወዲያ ማንም አይነካውም።
ሁለት ሰው ከፊት ከፊቱ እየሮጠ መንገዱን ይጠርግለታል፤
የተጠረገለት ይርቃል፣ የተተወው ይጣመማል።
ሳቄ መጣ። መጥረግ ነው ወይ የሚያሸልመው ሜዳሊያ?
እንዲያማ ከሆነ፣ የእኔ ቤት ግድግዳ አይበቃም ለመስቀያ።

ግን ቀድማ፣ ጣሳ አዝላ፣ የኋሊት ስትሄድ አየኋት፣
ውኃ በጠብታ በረዶው ላይ ስትረጭ፤ አልቸኮለችም፣ ማንም አልጠራት።
የአፈር ቤት ሳይጠረግ፣ አቧራው እንዳይነሣ
እንደምናደርገው ነው፤ ይህንንስ እጄ መች ረሳ?
ሳቄን ዋጥኩት።

በመጨረሻው ድንጋይ፣ ልጁ እየጠረገ ነበር፤
እሷ ከወዲያ ጫፍ ትጮኻለች፣ ድምፅዋ ጣሪያ ሲሰብር።
እኔ ከላይ፣ ከሰባተኛው ረድፍ፣ ከባልዲዬ ጋር ቆሜ
አየሁ፦ የመጥረጊያው ጠርዝ ድንጋዩን ነካ። ዳኛ አይደለሁም፤ ምንድን ነው አቅሜ?
ድንጋዩ ክቡ መሀል ገብቶ ቆመ። ጥርስ ሐኪሙ ልጁን አቀፈው፤
ልጁም ዘለለ። ሌላ ማንም አላየው።

ኋላ አግዳሚው ላይ፣ ጉልበቷን በበረዶ ከረጢት ጠቅልላ
ጠራችኝ፤ መዳፌን በመዳፏ ለካች፣ የጠጠረውን ቆዳ ነክታ፣ ፈገግ ብላ።
ልጁ መሀል ገባ ለማስተርጎም፦ እንግሊዝኛው ከትምህርት ቤት፣
አማርኛው ከዚያው ኮት።

“የማርማላታ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ ሰጠኝ አባቴ፣
ወንዙ ሲረጋ፣ በስምንት ዓመቴ።
አርባ ዓመት በዚያ ላይ ኖርኩ። ባል አገባሁ፣ ፈታሁ፤ እናቴን ቀበርኩ በሁለት ውድድር መሀል፤
ዋንጫዎቹን ቁጠሪ ብትይኝ ይጠፋኛል፣
አንዱ ሌሊት ግን እንደ ዛሬ ይታየኛል።
ፍጻሜ ነበር። አዳራሹ ሙሉ። ድንጋዩ መሀል ቆመ። ማንም ያየ የለም። እጄ ተነሣ፣ አልኩም…”
ልጁ እዚህ ላይ ዝም አለ፣
የጫማውን ክር ያዘ፣ አጠበቀ፣ ደግሞ አላላ፣ የሚተረጉመውን እንደረሳ ሰው ዓይኑን መሬት ጣለ።

ዶሪን ጠበቀችው። እኔም ጠበቅኩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።
“ምን አለች?” አልኩት ቀስ ብዬ፣ የተኛ ሲቀሰቀስ እንደሚባል።

“ነካሁት” አለ።

የእሷን ቃል ነው? የራሱን? አልጠየቅኩም፤
በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ነው፣ አይለይም።
እሷ ደግሞ ቃሉን ወደደችው መሰለኝ፤ በከባድ ምላስ፣
“ነ… ካ… ሁት?” አለች፣ ፊቱ ላይ ዓይኗን ሳትመልስ።

“ዋንጫውስ?” አልኳት በእጄ። በእጇ መለሰችልኝ፦ በረረ።
ሳቀች፤ ጉልበቷ ላይ ያለው ከረጢት ማንጠብጠብ ጀመረ።
መወልወያዬን አነሣሁ። ልጁ ከእጄ ወሰደው፤
የመጨረሻው አውቶቡስ በስድስት ተኩል ነው።