ሰሙ ያልደረሰበት

ደምበጫ ነው ነገሩ፤ ነሐሴ አጋማሽ፣
በብየዳ ቤቱ ጓሮ ከሸራው ሥር ስንሸሽ፣
እኔና ይርሳው ሆነን አንድ ነገር ወጠንን፤
የብረት አጥንት ላይ ቆዳ እናልብስ አልን።
ሻንሲው የተገዛ ከወደቀ ባጃጅ፤
ሞተሩን በዱቤ የሰጠን የላቀው ልጅ፣
ከመስኖ ፓምፕ ፈትቶ፣
«ካልሄደ መልሱልኝ፤ ከሄደም መልሱልኝ» የሚል ቃል አስገብቶ።

ቆርቆሮ አልሞከርንም፤ ዋጋው ጣራ ነክቷል።
ፋይበር ግን ጨርቅ ነው አሉን፤ ሙጫውን ይጠጣል፤
አንዴ ከደረቀ መዶሻ ይመልሳል።

ሻጋታውን ከጭቃ፣ ከጤፍ ጭድ አቡክተን፣
አፍንጫውን ሾል፣ ጀርባውን ጎበጥ አድርገን፣
ስንጨርስ መንገደኛው ቆሞ ስም አወጣ፦
«ጉማሬ ነው!» ያለ አለ፤ «የለም፣ ገንዳ ነው» የሚል መጣ፤
የይርሳው እህት ባንቻምላክ፣ ምሳ ይዛልን መጥታ፣
«መቃብር ነው እንዴ?» አለች፣ ዞር ዞር ብላ አይታ።
ከዚያ ሰሃኑን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
«ግራ ጎኑ ወፍሯል» ብላ፣
ላገችው በመዳፏ፣ ውኃ እየነካች፣ ቀስ ብላ።

ሰም ቀቡት ተብለናል፣ ጭቃና ሙጫ እንዳይጋቡ፤
ከእትዬ ዘርትሁን ጠጅ ቤት ሰፈፍ ለምነን፣
አፍልተን፣ አጥልለን፣ በጨርቅ ቀባነው አሽተን።
ጓሮው ጠጅ ጠጅ ሸተተ፤ ይርሳው ሳይጠጣ ዘፈነ፤
ወደ ግራ ጎን ስንደርስ ሰፈፉ መነመነ።
«ይበቃል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሬዚኑ ከባሕር ዳር ነው፤ ጀልባ የሚጠግን አንድ ሰው
በጆንያ ሸፍኖ፣ በሚኒባስ ላከው።
የማጠንከሪያውን ልክ በስልክ ነግሮን ነበር፤
ይርሳው መዳፉ ላይ ጻፈው፤
ለምሳ ሲቀርብ ታጠበው።
«ሁለት ክዳን ነው» አልኩ፤ «አራት» አለ፤ ተስማማን በሦስት።
ጣሳው እጄ ላይ ጋለ፤ ጨሰ እንደ ከሰል እሳት፤
ማር የመሰለው ነገር ድንጋይ ሆኖ አረፈው፣
ብሩሼን እንደ ጎረሰው።

በማግስቱ በአንድ ክዳን። ጨርቁን በላዩ ዘርግተን፣
አረፋውን በብሩሽ ጫፍ ወግተን ወግተን አባረን፣
እጃችን ላይ ፌስታል አስረን።
ብርዱ ግን ሙጫውን ያዘው፤ ሦስት ቀን አልደርቅ አለ፤
የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ማኅበርተኛ ሆኖ ዋለ።
ብናኙ ገላችን ገብቶ፣ ሳማ እንደ ለበሰ ሰው፣
እኔም ሳክ፣ እሱም ሲያክ፣ ሌሊቱን በየቤታችን አደርነው።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ። በጣት ቢመቱት ኳ አለ።

አምስት ሆነን ልናነሳው፤ ቀኙ ቷ ብሎ ተላቀቀ፤
ግራው ግን እምቢኝ አለ፣ ከጭቃው ጋር ተጣበቀ።
ቅኔ የሚያስተምሩት ጎረቤት፣ መሪጌታ ስንሻው፣
በአጥሩ ብቅ ብለው፦ «ሰሙን ቆጥባችሁ
ወርቁን ማን ያውጣላችሁ?»
ሳቅን። ይርሳው አልሳቀም፤ መጥረቢያ ሲፈልግ መሸ።

ያ ሳምንት ሙሉ የረገምነው፣
ያ ዝናብ ሌሊቱን መጥቶ፣ ከሥር ገብቶ አሟሟው።
ጠዋት ብንመጣ፣ ቀይ ጎርፍ እስከ አስፋልቱ ወርዶ፣
ቆዳው ብቻውን ተኝቷል፣ እንደ ደረቀ ቅል ባዶ።
ሁለት ሆነን አነሳነው። አንድም ሰው ይበቃ ነበር።

«ውስጡን አንተ ሞርደው» አለኝ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሰጥቶ።
በሩ ገና አልተቆረጠም፤ ተሳብኩና ከሥር ገባሁ፤
ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ከላዬ ሲቆጣ ሰማሁ፤
አልነካኝም።
የጎጆ ጣሪያ ነው ከውስጡ፤ ጭዱ ከሙጫው ተሰፍቶ።
ቀኙን ሞረድኩ፣ የኋላውን፣ የፊቱን፣ ከራሴ በላይ፤
ግራው ላይ ስደርስ፣ በጭዱ መሀል፣ ክንዴ አጠገብ ላይ፣
አምስት ጣት፣ አንድ ትንሽ መዳፍ፣ ደርቃ ቀርታለች በመስታወት፣
ሰሙ ያልደረሰበት።

«ጨረስክ?» አለኝ ይርሳው ከውጭ።
«ጨረስኩ» አልኩት።