የግራ እጅ ቋጠሮ

ከጃፍና መንገድ ዳር፣ ዘንባባው ሁሉ አናቱን ባጣበት፣
ሐይቁ ጨው በሚተፋበት፣
ቫሱኪ ተንበርክካለች፤
ከሩዝ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው አሸዋ ትዳብሳለች።
ደረቷ ላይ ከባድ ጥሩር፣ በእጇ ትንሽ መኮትኮቻ፣
በቀን ዐሥር ካሬ ብቻ።
ከዚያ በላይ የቸኮለ
ባንድ እግሩ ቤት ዋለ።

ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱ ጎረቤቶቿ «መካን» ይሏታል፤
ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ዝቅ ማለቱ ይሰማታል።
ምን ትመልስ? ያሉት እኮ የሙያዋ ስም ነው፤
የቀን ሥራዋ ማምከን ነው።
ትናንት ከመሬት ማኅፀን ሦስት ሞት አወጣች፣
ሦስቱንም ሳይወለዱ አመከነች።

ባለፈው ወር ከዋና ከተማ እንግዶች መጡ፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው፣
«የሴቶች ተሳትፎ ስንት በመቶ ነው?» ብለው።
ቀና ብላ በመኮትኮቻዋ መስመሩን አሳየች፤
«እስከዚያ ነጭ እንጨት ድረስ» አለች።
ጻፉት መሰለኝ፤ እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርሁ፣
የብዕር ድምፅ አልሰማሁ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ጥሩሩን ስታግለው፣
እጇ ቆመ። ሽቦ ነው።
ከሽቦው ጫፍ ቋጠሮ፣
ሁለቴ ተጠምዝዞ፣ በስተውስጥ ዞሮ፣
በግራ እጅ የታሰረ።
ከዚያ ሁሉ ተዋጊ ልጃገረድ ግራኝ ማን ነበረ?

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዝናብ። ጨለማ።
«ጠላት» የሚሉት ሰው ያኔ ፊት አልነበረው፣
የሚረግጠውም እግር የማንም እግር ነው።

ኩሱማ ከኋላ መጣች፣ የቡድን መሪያችን፤
ወንድሟ ወታደር ሳለ በዚሁ መንገድ ዘምቶ
የተመለሰ ግራ እግሩን ትቶ።
ቋጠሮውን አየች። «የማን እጅ ነው?» አለች በሲንሃላ፤
በተሰባበረ ታሚልኛ ደገመችው ኋላ።

ቫሱኪ ጓንቷን አወለቀች። ደንብ ይከለክላል።
ግራ እጇን ዘረጋች።

ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ። ማንም አላነሳው።
«ይህን ለመቋጠር ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»
«አንድ።»
«ለመፍታት ግን ቀኑ ሙሉ ያንቺ ነው። ጓንትሽን አጥልቂ።»

መሪ ሃያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ መራቅ አለባት፤
ዐሥራ አንድ ቆጠርሁላት።
እዚያው ቆመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፤
ለካስ እሷም የቋጠረችው ነበራት።

የማታው መዝገብ፦ «ብዛት አንድ። አምስት ሰዓት ከሩብ። መክኗል።»
የቀባሪው ስም የሚሞላበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።
ኩሱማ ፈረመች።