ባሕር ላይ ነህ

ሰባት ወር ሙሉ ድሬ ላይ ነዳኋት፣
ከሳቢያን ከፊራ፣ ከከፊራ መጋላ አመላለስኳት፤
እሷ ግን በልቧ ከመርከብ አልወረደች፤
ታጁራ ባሕር ላይ፣ ውሃው መሐል፣
አንዲት ቀይ ቀስት ሆና ቆማ ቀረች።

ከደቻቱ ድልድይ ላቤን እየጠረግኩ ስሻገር፣
ሴትዮዋ ከክሩስኮቱ ውስጥ፣ በጠራ የዱባይ አረብኛ፣
«መንገድ የለም፤ ባሕር ነው» ብላ ስትናገር፣
ተሳፋሪ ይስቃል። «ዋና ትችላለህ?» ይላል አንደኛው፤
«ዓሣው ኪሎው ስንት ገባ?» ይላል ከኋላ ሁለተኛው።

በጥፊ ጀመርኩ፣ እንደ ወጉ። ከዚያ አጥፍቼ አበራኋት፤
የባትሪዋን ራስ ነቅዬ፣ አሳድሬ መለስኩላት፤
ስትነቃ ያው ባሕር።
ታይዋን ገበያ ያሉ ልጆች «ሳተላይቱ አርጅቷል» አሉ፤
አንዱማ «የድሬ ፀሐይ ሞገድ ያቀልጣል» ብሎ ማለ።

ረምዚ ዘንድ ሄድኩ፤ ከለገሃሬ ጀርባ፣ ከዛገው አጥር ስር፣
አንድ እግሩ በተሰበረ ወንበር ላይ፣ ሳይወድቅ ከሚኖር።
«ውሃ ሲጠፋ» አለኝ፣
«ጉድጓዱን ከመስደብህ በፊት ገመዱን ሳብ።»

መጀመሪያ አልነካትም። «ወደ አሸዋው ንዳ» አለኝ።
ደረቁ ደቻቱ መሐል፣ ግንብ በሌለበት፣ ቅጠል በሌለበት፣
ሰማዩ ወለል ብሎ፣ ደመና እንኳ ባልዞረበት፣
ቆምን። አንድም ሳተላይት።
«እንግዲህ ሰማዩ ነጻ ነው፤ ክሱ ከሱ ላይ ተነሣ።»
ለፀሐይ ያስለጠፍኩትን፣ ብረት ያለበትን ጥቁር ላስቲክ
ከፊት መስታወቱ ላይ በምላጭ ልጦ አነሣ።
አሁንም ባሕር ላይ ነን።

ቴስተሩን አወጣ።
«ሬዲዮው አምስት ቮልት ይሰጣል፤ ቅንጣት አልጎደለ።
አንቴናው ቢያገኝ ይጠጣ ነበር።
ታዲያ መሐል መንገድ ላይ ሌባው ማነው?» አለ።
ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ነቅሎ ሲለካው፣ ቴስተሩ ጮኸ፤
የውስጡ ሽቦ ከልባሱ ጋር ተነካክቷል።

ክሩስኮቱን ፈታን። ካቻቢቴው በጥርሱ፣
ስድስት ቪቴ፣ ሰባት፤
ስምንተኛው የኔ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ከጭነት መኪና በወረደችበት ቀን፣
አስፋልቱ ከጫማ ጋር ሲጣበቅ፣
ትንሽ ቬንትሌተር ገዝቼ፣ በዚሁ በገዛ እጄ
በረጅም ቪቴ ሰቀልኩ፤
ቪቴው አልፎ ገመዷን ወጋ።
ንፋስ ስፈልግ ሰማይ ቆረጥኩ።
ረምዚ አላሾፈም፤ አየኝና ዝም አለ፤
ዝምታውን ሒሳቡ ላይ ሳይደምራት አልቀረም ብዬ ጠረጠርኩ።

የተወጋውን ቆርጦ ጣለ። ጠጉር የመሰለውን ሽቦ ከጠጉር ገጠመ፤
የመበየጃው ጭስ ዓይኑን ሲያስለቅሰው ትንፋሹን ዋጠ፤
ከጤፍ የማትበልጥ አንዲት የብር ጠብታ አስቀመጠ።

ከዚያ መጠበቅ ነው።
ሰባት ወር ያልተጠራ ሰው፣ ቢጠሩት ወዲያው አይሰማም።
ዜሮ።
ሳር የጫኑ ሦስት ግመሎች አለፉ። ዜሮ።
አንዲት ግራጫ ሰረዝ፤ ጠፋች፤ ተመለሰች፤ ሁለት ሆነች።
«ሦስት አይበቃም» አለ፣ «ሦስቱ የት እንዳለህ ይጨቃጨቃሉ፤
አራተኛው ሰዓታቸውን ያስታርቃል።»
አራተኛዋ ከደንገጎ ተራራ አናት በኩል መጣች።

ቀስቷም ዘለለች!
ደወሌን፣ አይሻን፣ አዲጋላን ሳትረግጥ፣
ኬላ ላይ ሳትፈተሽ፣ ለማንም ሳትቀርጥ፣
ከባሕር ወጥታ አሸዋው ላይ፣ እኛው አጠገብ አረፈች።

ሴትዮዋ ግን ዝም አለች።
ካርታዋ የዱባይ ነው፤ ድሬ በውስጧ የለችም፤
መንገድ የለ፣ ስም የለ፣ ነጭ ላይ ቀስት ብቻ፤
የት እንዳለች አወቀች፣ ያ «የት» ምን እንደሚባል አታውቅም።
«ካርታውስ?» አልኩት።
«እሱ ሌላ ሒሳብ ነው» አለና እጁን በቤንዚን ታጠበ።

አመሻሽ ላይ፣ ያለ ሥራ፣ ወደ ደንገጎ ወጣሁ።
እኔ ስጠመዘዝ ቀስቷ ባዶው ላይ ተጠመዘዘች፤
ከኋላዋ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ እየጣለች።
ቬንትሌተሩ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ቪቴው ኪሴ ውስጥ አለ።
መስኮቱን ከፈትኩት።