ሁለት ዙር ከሲሶ

ፌራራን ጉም ውጧት፣ ከግንቡ እስከ በሩ፣
መብራቶቹ ሳይጠፉ፣ ነግቶም እየበሩ፣
አንዲት ባልቴት መጣች ብስክሌት እየገፋች፣
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ደኅና አደርህ ሳትል፣ ለፈፈች፦
"አንዱ ፔዳል ለወጠ፣ አንዱ ኩሽኔታ፣
ሦስተኛው ጎማዬን ፈቶ መታ መታ፣
ገንዘቤን በሉና ጠቅታው አልተረታ።"

ስሟ አፍራ ነው አሉኝ፤ እሷ ግን በዕድሜዋ
አፍራ አታውቅም መሰለኝ፤ ይናገራል ዓይኗ።
አለቃዬ ኔሪዮ ከመነጽሩ በላይ
አየኝና "ላንተ" አለ፣ "እስቲ ይኼን እንይ።"

(እኔ ይህን ሙያ ባሕር ዳር ነው የቀሰምሁት፣
ካቴናና ካምቢዮ፣ ካቻቢቴም ያልሁት
አማርኛ መስሎኝ ነው፤ ለካ በውሰት፣
ቃሎቼ ቤታቸው ገቡ፣ እኔ በእንግድነት።)

ብስክሌቱን ሰቀልሁ፣ ጎማው ከምድር ራቀ፣
ፔዳሉን አዞርሁት፤ ጆሮዬ ጠበቀ።

ጠቅ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ መፍቻ ያነሣል፣
መፍቻ ያነሣ እጅ መስማት ይረሳል።
እኔ ቆጠርሁ።
በየዙሩ ቢጮህ ጥፋቱ የፔዳል፣
ከጎማው ጋር ቢሄድ ኩሽኔታ ተጎድቷል፤
ይኸኛው ሌላ ነው፣ የራሱ ቀጠሮ አለው፣
አንድ ዙር ያልፋል፣ ሁለተኛም ያልፈው፣
ሦስተኛው ሲጀመር፣ ሲሶውን ሲነካ፣

ጠቅ።

ሁለት ዙር ከሲሶ። ይኸው ነው ለካ!
ትልቁ ጥርስ አርባ ስምንት፣
የካቴናው ቀለበት መቶ ዐሥራ ሁለት፤
አካፍለው እንግዲህ። ሌባው ያመልጣል በየት?

ካቴናውን ወደ ኋላ ቀስ እያልሁ ስስበው፣
ባልንጀሮቹ ሲታጠፉ አንዱ እምቢ የሚለው፣
ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ እንደያዘው አዛውንት፣
ጉብ አለ በካምቢዮው መዘውር ፊት።

ጨው ነው፤ በረዶ እንዳይዝ መንገዱ ላይ የነሰነሱት፣
ችንካሩን አንቆታል። በሁለት አውራ ጣት
ያዝሁትና ወደ ጎን፣ ወደ ጎን፣ ደግሞ ወደ ጎን፤
ካቴና በዚህ በኩል መታጠፍ አይወድም፤ ቢሆንም፣
ለቀቀ። አንዲት ጠብታ ዘይት፣ ከዚያም ጨርቅ፤
ዘይት ሥራው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ያለው ይጠረግ።

ማስመሪያም ጣልሁበት። "ተለጠጠ" ይላል ሰው፤
ብረት መች ይለጠጣል? ችንካሩ ነው የሚሳሳው።
ሃያ ቀለበት፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ከአራት ሚሊ፤
አንድ ተኩል ቢጨምር ጣይው ባልኋት፣ "ክፈዪ" ብል።
የሷ ግማሽ ሚሊ ነው፣ ገና ክረምት ያወጣል።

በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ጉሙም አብሯት መጣ፣
ፊቷ ላይ ምስጋና አይደለም፣ ቁጣ።
"ከቤቴ እስከ እኅቴ፣ ፖ ወንዝ ዳር ድረስ፣
አራት መቶ ስልሳ ጠቅ ነው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ በግራ እታጠፋለሁ፣
ጉም ውስጥ ዓይን ምን ይሠራል? በጆሮዬ አያለሁ።
ትናንት ዝም አለኝ፤ ጠቅታውን ስጠብቅ
ለጥቂት ተረፍሁኝ ከዳክዬ ጋር ቦይ ከመጠመቅ!"

"ታዲያ ለምን አስጠገንሽው?"
"ጠላሁት አልሁ እንጂ፣ መቼ አልሁ አልፈልገው?"

ኔሪዮ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፣ ዓይኑ እስኪያነባ።
እኔ የደኅና ቀለበት ማበላሸት አልተማርሁም፤ ግራ ገባኝ፣ ግራ ገባ፣
ደረሰኝ ገለበጥሁ፣ እርሳስ ከጆሮዬ ላይ፣
"ፔዳልሽን ቁጠሪ" አልኋት፣ "ይኸው፣ እዪ፦
ሰባት መቶ ሃያ ስምንት፣ በግራ።
አንድ ሺህ ሰባ ሦስት፣ የእኅትሽ በር፣ ተጣሪ።"
አየችው። አጠፈችው። "ከሲሶስ?" አለች፣
እሷም አካፍላ ነበር፤ ጓንቷን አጠለቀች።

ከበሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ብዘረጋ
ጉሙ ዋጣት። ካቴናው ዝም። ከጡቡ አጥር ጋ
ደርሳ ይሆን? አላውቅም። ከንፈሬ ግን ይቆጥራል፣
አንድ፣ ሁለት፣
ሲሶ።