የተመላሽ ዓምድ

ወጪ፣ ተመላሽ የሚል፣ ባለ ሁለት ዓምድ መዝገብ፤
ሲግና ቶርቫልድሰን የያዘችው ለሃርላን ቤንድ ግድብ።
ከካስኬድ ተራራ ግርጌ፣ በሣንቃ በቆመች ቤት፣
ጀርባዋን ምድጃ ሲያግላት፣ ጣቷን ውርጭ ሲቆረጥማት ፊት ለፊት።

ሐዲዱ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ገደል ለገደል ይሳባል፤
መንገደኛ አይሳፈርበትም፤ ሲሚንቶ ይወጣል፣ ጠጠር ይወጣል።

ሰኞ፦ ሲሚንቶ፣ ሠላሳ ፉርጎ። ተመላሽ፦ ባዶ።
ማክሰኞ፦ ብረት፣ ድማሚት፣ የታመመች በቅሎ ምትክ። ተመላሽ፦ ባዶ።
ረቡዕ፦ ለመሐንዲሱ ሚስት፣ በጭድ ተሸፍኖ፣
አንድ ፒያኖ።
ተመላሽ፦ ባዶ።

ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፤ እጇ ለመደው ያንን ቃል፤
ቀና ብላ አታይም፤ ባቡሩ ከሩቅ ሲያፏጭ ይበቃል።

ሐሙስ፣ በየካቲት ጭቃ፣ ከጉም ሲወጣ ባቡሩ፣
ፉጨቱ አጭር ነበረ። ፍሬን ያዡ ኦርቪል ከበሩ
ቆቡን አውልቆ ቆመ፣ ዝናብ ራሱ ላይ እየወረደ፤
ከኋላው አንድ ሣጥን፣ በሲሚንቶ ጆንያ የተጋረደ።
«ኤንዞ ነው» አላት። «ከቅርጫቱ ላይ። ገመዱ ከዳው።»
እጇ «ባ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤
ሰረዘችው።
«አንድ» ብላ ጻፈች። ክብደቱን ተወችው።

ግድቡ አለቀ። እንግዲህ ባቡሩ ምን ይሠራል?
ተሸክሞ ያቆመው ግንብ ውሃውን ወደ እሱ ይሰድዳል።
«ብረት ነው» አለ ኩባንያው፤ «ይነቀል፣ ይሸጣል።»
ብሎን ፈቺዎች ከላይ ጀመሩ፤
ባቡሩም የኋሊት ወረደ፣
የመጣበትን እያስነቀለ፣ ጀርባው ላይ እየጫነ፤
ጭነቱ መንገዱ ሆነ።

በዚያ ሳምንት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ተመላሽ፦ ሐዲድ፣ ሙሉ ጭነት።
(ቀለሙ እዚህ ጋ ፈስሷል፤ በችኮላ ይሁን በትካዜ
እንጃ።)

ውሃው ግን ከተባለው ቀን አራት ቀን ቀድሞ ገሠገሠ።
የሲያትሉ ሒሳብ ሹም ጻፈ፦ «ሁለት ሐዲድ ይጎድላል፤ ወዴት ደረሰ?»
ኪሎ ሜትር አሥራ አንድ ላይ ነበሩ፣ ከእንጨቱ ድልድይ ማዶ፣
ኤንዞ በምሳ ሰዓት ቆቡን እንጆሪ ይሞላበት የነበረ ቦታ።

ሲግና እርሳስ ቀረጸች። አልቀለደችም፤
መዝገቡ ለሁሉም ዓምድ አለው፣ ለዚህ ግን ዓምድ የለው፤
ከገጹ ጠርዝ ላይ፣ አጥብባ፦
«ሁለቱን ውሃ በላው።»